ፉጨት

ቁንጭር ያዘኝ ሰከላ፣ ገና በሰባቴ፤
አፍንጫዬን በልቶ ሲጠግብ፣ ከፊቴ
ትቶልኝ የሄደው ሁለት ቀዳዳ ነው፤
አንዱ መርፌ ቢያስገባ፣ አንዱ ክር ሚጨንቀው።

አባቴ ብረቱን አግሎ ተኮሰኝ፤
እናቴም ቅጠሉን ወቅጣ አለበሰችኝ።
ቁስሉስ እሺ ብሎ በወራቱ ሻረ፤
ጠባሳው ነው እንጂ ሥራ የጀመረ፤
በየዓመቱ ጥቂት፣ እንደ ከረጢት አፍ፣
ሳብ፣ ሳብ እያረገ ቋጠረኝ ከደጃፍ።

አፌ ሁለት ሥራ ያዘ፦
ወይ ጉረሽ፣ ወይ ኑሪ።
ሰርግ ቤት ተጠርቼ፣ ከሞላው ትሪ ዳር
ጎርሼ፣ አቁሜ፣
አየር ልስብ ብዬ፣
ስመለስ ደግሜ
ሰዉ እጁን ታጥቧል።

ሽታ የሚባለውን በወሬ ነው የማውቀው፤
ወጤ ሲያር ባጥር ላይ ጎረቤት ነው ሚጮኸው።
ዝናብ አፈር ሲነካ፣ ሰው ቆሞ ሲስብ አያለሁ፤
ምን እንደሚስብ ግን፣ ልጠይቅና አፍራለሁ።

ይበልጣል አገባኝ፤ ባሕር ዳር አመጣኝ።
መረብ ነው እንጀራው፣ ጣና ነው እርሻው።
ጎረቤቶቼ "ኧረ እንዴት ቻልሽው?" አሉ፤
"ምኑን?" ስል፣ በነጠላ ጫፍ አፍ ይሸፍናሉ።
አልገባኝም ሳቁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

ሌሊት ግድግዳውን ተደግፌ፣ ቁጭ እንዳልሁ፣
ከክሩ ቀዳዳ ፉጨት አወጣለሁ።
እሱ ግን አይከፋም፦ "ነፋስ ነው" ይለኛል፣
"ደንገል ውስጥ ሲገባ፤
ታንኳዬ ላይ መስሎኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

ዶክተር ትሁት ሳለች፣ ከካርዴ ጀርባ ላይ፦
"ይኸውልሽ፣ ይሄ በር… እምቦጭ ዘግቶት ነው በይ፤
እንነቅለዋለን። እምቦጭን ታውቂዋለሽ፤
ነቅለሽ ፊት ስታዞሪ፣ ደግሞ ታገኚዋለሽ።
ስለዚህ አጥር እንሥራለት፤
ከጆሮሽ ልም አጥንት፣ ከክንድሽ ላይ ቆዳ፣
ካንቺው ላንቺው ብድር፣ ወለድ የሌለው ዕዳ።"
"ጆሮዬስ?" አልኋት።
"ይሰማል።"
በአውራ ጣቴ ፈረምሁ።

ስነቃ ሁለት ቱቦ ተሰፍቶብኛል።
አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤
ተረቱ ረሳት እንጂ፣ ያቺ አበዳሪ ጆሮም
ስታለቅስ ነው ያደረች።
ሲስተር አንጓች ጠዋት ማታ በጨው ውሃ ታጥበኛለች፤
"እፎይ በይ" ትለኛለች።
እፎይ እኮ አፍንጫ ላለው ነው።

ቱቦው የወጣ ለት፣
አየር ሳያንኳኳ ገባ፣ እንደ ባለቤት።
ቀዝቃዛ ነው።
አየር ይበርዳል ብሎ የነገረኝ የለም።

ከሆስፒታሉ በር ባጃጅ ጭሱን ተፋ፤
የበቆሎ ጥብስ አለፈ፤ የቦይ ውሃ ከረፋ፤
ዓሣ ገበያ ስደርስ፣ የአምባዛ ሆድ ዕቃ፣
የበሰበሰ ደንገል፣ ናፍጣ፣ የሐይቅ ጭቃ
ባንድ ላይ መጡብኝ፤ ቆሜ አለቀስሁ።
ይብሮቹ እንኳ ዞረው አዩኝ።

እግዜር ያንን እስትንፋስ እፍ ሲልበት ጊዜ፣
አዳም መጀመሪያ ምን ይሆን የሸተተው?
ጭቃ ነው።
ራሱን ነው።

ይበልጣል በር ላይ ጠብቆ አቀፈኝ።
ያ የሴቶቹ ሳቅ፣ ያኔውኑ ገባኝ!
"ምን ያስቅሻል?"
"ተወው።"
ሸሚዙን ሦስቴ አጠብሁ፣ በሎሚ፣ በሳሙና፤
አራተኛው ላይ አሸተትሁት፤
አለ፣ እንደገና።
በዚያው አሰጣሁት።

የዚያን ሌሊት ተኛሁ፣ በጀርባዬ፣ እንደ ሰው።
እኩለ ሌሊት ላይ ትከሻዬን ነቀነቀው፦
"አለሽ?"
"አለሁ።"
"ዝም ስትዪብኝ እኮ…"
አልጨረሰውም። ሲገላበጥ ነጋ።

አሁን ስድስት ወር ሙሉ፣ ማታ ማታ ቱቦ።
ግራዬ መጥበብ አምሯታል፤ ጠባሳ መቼ ጠግቦ።
ቀኜ ዝም ትላለች። ከግራዬ ግን፣ ከቱቦዋ ጫፍ
ቀጭን ነገር ትወጣለች፤
ያችው።
ለዶክተሯ አልነገርኋትም።
የይበልጣል ጀርባ ላላ፤
ታንኳው ከዳር ተነሣ።